ሱባን ለምን በሌላ ተጫዋች ተለወጠ? ቀኑን እዩት

ወንድሜ፣ «የሆኪ ቡድኑ ሞንትሪያል ተከላካዩን ፒ.ኬ. ሱባንን ለናሽቪል ሰጥቶ ሌላ ተከላካይ፣ ሼይ ዌበርን የወሰደው ለምንድን ነው? ከጀርባው ምን ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ያኔ ሞንትሪያል ነበርኩ፤ የምሠራበት ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑ ከሆኪ ሌላ አያሳይም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2016 ወሬው ሲሰማ አንድ 76 ቁጥር ማልያ የለበሰ ደንበኛ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ያዘዘውን ሳይነካ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። 76 የሱባን ቁጥር ነበር።

ለማያውቁ ያህል፣ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ውስጥ እንደ እግር ኳሱ የዝውውር ሂሳብ ከፍለህ ተጫዋች አትገዛም። ሰጥተህ ነው የምትወስደው። ተጫዋቹ ደግሞ ውሉ ላይ ካልተጻፈለት በቀር ማንም አይጠይቀውም። ጠዋት ሞንትሪያል ያደረ ሰው ማታ ናሽቪል ነው።

ሁሉም የሚያወራው ሱባን ከአሰልጣኙ ከሚሼል ቴሪየን ጋር ስለነበረው ጠብ ነው። እውነትም አይዋደዱም ነበር። ሱባንና በረኛው ኬሪ ፕራይስ ካሸነፉ በኋላ ሦስቴ እጅ ለእጅ የሚማቱባትን ጨዋታ ሰውየው በ2013 ከልክሏል! በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ኮሎራዶ ላይ ሱባን ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ክብ ጎማ) አጥቶ ጎል ሲገባባቸው፣ አሰልጣኙ በአደባባይ እሱ ላይ ደፈደፈው።

ሱባን ጥቁር ነው፤ የቆዳ ቀለሙስ ለምትሉ፣ አለቆቹ በዚያ ምክንያት ወሰኑ የሚያሰኝ ማስረጃ አላየሁም። ግን «ይበዛበታል»፣ «ራሱን ማሳየት ይወዳል» የሚለውን ከየጠረጴዛው ስሰማ ኖሬያለሁ። ለሞንትሪያል የሕፃናት ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ዶላር አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ስለገባ ሰው ነው እንግዲህ የሚያወሩት። እኔን አልተዋጠልኝም።

ይሁንና ጠቡ ብቻውን ቀኑን አያስረዳም። ሱባን በ2014 የ8 ዓመት፣ የ72 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። ውሉ ውስጥ ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ቡድን እንዳይላክ የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። ሥራ ላይ የሚውለው መቼ ነበር? ጁላይ 1 ቀን 2016። ልውውጡ የተደረገው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ሁለት ቀን ቢያልፍ ኖሮ የሞንትሪያል ጄኔራል ማናጀር (ተጫዋች የሚያመጣና የሚሰጥ አለቃ) ማርክ በርዥቫን ተጫዋቹን ራሱን መለመን ነበረበት። ስለዚህ «ለምን አሁን?» ለሚለው ሌላ ምስጢር መፈለግ ድካም ነው።

ወደ ናሽቪል ስንመጣ ነገሩ ያምራል። በ2012 ፊላዴልፊያ ለዌበር የ14 ዓመት፣ የ110 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲያቀርብለት፣ ናሽቪል እንዳያጣው ብሎ ያንኑ ለመክፈል ተገደደ። ገንዘቡ የተከመረው መጀመሪያ ላይ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ብቻ 56 ሚሊዮኑ ወጥቷል። ግን በልውውጡ ጊዜ ገና 10 ዓመት ይቀር ነበር፤ ዌበር ደግሞ 31ኛ ዓመቱን ሊደፍን ነበር። ሱባን 27 ነበር፣ ውሉም በ2022 የሚያልቅ ነበር። እርጅናውን ለሞንትሪያል አሸክሞ ወጣቱን መውሰድ ማለት ይኸው ነው።

ሞንትሪያልስ? በደሞዝ ጣሪያው (ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ደሞዝ ከዚህ በላይ አታውጣ በሚባልበት) ሂሳብ ሱባን በዓመት 9 ሚሊዮን ሲይዝ ዌበር 7.86 ገደማ ነበር የሚይዘው። ያቺ ትርፍ ቀላል አይደለችም። በዚያ ላይ በርዥቫን ዝምተኛና ኮስታራ መሪ ይፈልግ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህቺ የኔ ግምት ናት። አሰልጣኙን ለማስደሰት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ቴሪየን ራሱ በፌብሩዋሪ 2017 ተባሯል።

ማን አተረፈ? ናሽቪል በ2017 ከሱባን ጋር ለስታንሊ ካፕ (ለሊጉ ዋንጫ) ፍጻሜ ደርሶ በፒትስበርግ ተሸነፈ። ሞንትሪያል በ2021 በዌበር አምበልነት ፍጻሜ ገብቶ በታምፓ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ዌበር በጉዳት ምክንያት አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ሱባንን ደግሞ ናሽቪል በ2019 ደሞዙ ስለከበደው ለኒው ጀርሲ ሰጥቶታል።

በነገራችን ላይ በዚያኑ ዕለት ሌላው ቡድን ኤድመንተን አጥቂውን ቴይለር ሆልን አሳልፎ ሰጥቶ ያገኘው ተከላካዩን አዳም ላርሰንን ብቻ ነው። ሆል በ2018 የሊጉ ኮከብ ተባለ። እዚያ ላይ ስውር ዓላማ የምትፈልጉ ካላችሁ አትልፉ፤ ተከላካይ ቸግሯቸው ነበር፣ አለቀ።