«ባዶ ቦታ» የተባለው ሜዳ

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በምሥራቅ ጎጃም ከምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ የምጽፍልዎ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርሁም አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ያስቸገረኝ የመጨረሻ ልጄ ነው። አርሰናል የተሸነፈ ዕለት እራት አይበላም። እሑድ እሑድ ከዲኤስቲቪ ቤት የሚመለሰው ድምፁ ተዘግቶ ሲሆን፣ ባለፈው ወር ከጎረቤት ልጅ ጋር በማንችስተር ምክንያት ተጣልቶ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የታረቀው። ሱሪውን ለእጥበት ስትፈትሽ እናቱ የቤቲንግ ወረቀት አግኝታበታለች። ይኸው ልጅ ግን ኳስ የለመደበት፣ እኛም በዘመናችን የገና ጨዋታ የተጫወትንበት የሰፈራችን ሜዳ ባለፈው ክረምት በቆርቆሮ ሲታጠር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጓደኞቹም እንደዚያው። ለንደን ላለ ቡድን እያለቀሰ ለገዛ ደጃፉ ግድ ያጣው ምን ነክቶት ነው? ልቆጣው ወይስ ልተወው?

መልስ

መምህር፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሁለተኛው ጊዜ ዐይኔ ያረፈው በልጅዎ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮው ላይ ነው። ቅር ባይልዎ አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁ ዝም ማለቱን ነግረውኛል፤ እርስዎና እኩዮችዎ ያን ዕለት ምን እንዳላችሁ ግን አልጻፉልኝም።

ልጅዎን ግድ የለሽ ለማለት እኔ አልደፍርም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ከኋላ በቆመበት ጥቂት ያዳመጠ ሰው የሚታዘበው ነገር አለ። ግማሾቹ አግዳሚ ላይ ተጣበው፣ ግማሾቹ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጎል በቫር፣ ማለትም በቪዲዮ ዳኝነት፣ ሲሻር ተከላካዩ እግሩን የት ላይ እንዳሳረፈ፣ ደንቡ ባለፈው ዓመት ምን ይል እንደነበረ፣ ዘንድሮ ምን እንደተለወጠ በቃል ይጠቅሳሉ፤ ክለቡ በዝውውር ስንት እንዳወጣና ስንት ማውጣት እንደተፈቀደለት ሳይቀር ይሟገታሉ። ይህ ደንብ ማንበብ ነው፣ ሒሳብ መመርመር ነው፣ ማስረጃ አቅርቦ መከራከር ነው። ከአንድ ዜጋ የምንፈልገው ሌላ ምን አለ? ያው ወጣት የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የኋላ ወንበር ይዞ ስልኩን ሲነካካ የሚውለው ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። በዚያኛው ቤት ዳኛውን ቢሰድብ ስሙን የሚመዘግብበት የለም፤ በዚህኛው ቤት ግን አጀንዳው አልቆ እንደመጣ፣ የሚጠበቅበትም እጅ ማውጣት ብቻ እንደሆነ ከእኛ ከታላላቆቹ አይቶ ተምሯል።

ገናውን ራስዎ ስላነሡት እሱን ልንካው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተከፍሎ፣ ዱላውን ይዞ ጥንጉን የሚያሳድደው ሁሉ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማይጠየቅበት ሰዓት ነበረ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ቅልጥሙን የተመታው ባላባት ቢያመውም ይስቃል። የበታች የበላዩን በአደባባይ የሚገጥምበት ቦታ ለአንድ ሰፈር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አባቶቻችን የገባቸው ይመስለኛል። ልጅዎ ዲኤስቲቪ ቤት የሚጮኸው ጩኸት ዱሮ ሜዳ ላይ ይጮኽ የነበረው ነው፤ ሜዳው ሲጠበው ጩኸቱ ጣሪያ ሥር ገባ።

ለመሆኑ ሜዳ እንዴት ይጠፋል? እኔ እንዳየሁት የሚጠፋው በአንድ ቃል ነው። በጽሕፈት ቤት ሰነድ ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይጻፋል። ጧት ጥጃ የሚታሰርበት፣ ከሰዓት ልብስ የሚሰጣበት፣ ማታ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው የሚራገጡበት፣ በመስቀል ደመራ የሚቆምበት፣ ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን የሚተከልበት መሬት ካርታና ሳይት ፕላን ስለሌለው ብቻ ባዶ ይባላል። ባዶ ከተባለ በኋላ ማጠሩ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማው ፕላን ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለነዋሪው ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ባለሙያዎቹም 30-30-40 የሚሉት መርህ አላቸው፤ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ማለታቸው ነው። እንግዲህ የእናንተ ሜዳ በጸደቀው ፕላን ላይ በምን ቀለም እንደተቀባ አይቶ መምጣት ወንጀል አይደለም። ክፍት ቦታ ተብሎ ተቀብቶ ከሆነ ቆርቆሮው ራሱ ነው ደንብ የጣሰው። ለግንባታ ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ውይይቱ መቼ እንደተካሄደ፣ ቃለ ጉባኤውስ የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ሜዳ ከተነሣ የባሕር ዳሩን ስታዲየም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የነበረውን ጩኸት ያልሰማ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የጠየቃቸው ነገሮች ሳይሟሉ ቀርተው በ2014 ስታዲየሙ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ታገደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን ጨዋታ «በሜዳችን» ያደረግነው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የዓባይን ምንጭ ይዘን ግብፅን ለመግጠም ማላዊ መሄዳችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የትልቁ ስታዲየም ችግርና የእናንተ ሰፈር ቆርቆሮ ግን ለእኔ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ስንጀምር እንጨበጭባለን፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀውና የሚጠይቀው ማን እንደሆነ አንነጋገርም።

ጠያቂ ያለው ሜዳ ማየት ከፈለጉ ጥር 23 ቀን ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይሂዱ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ አባላቱን እየመዘገበ፣ መዋጮ እየሰበሰበ፣ ሽማግሌ እየሾመ እዚህ ደርሷል። እዚያ ያለው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ስም ዝርዝር አለ፣ አለቃ አለ፣ የተቆረጠ ቀን አለ። የእናንተ ሰፈር ኳስ ተጫዋቾች አንዳቸውም ስለሌላቸው፣ ሜዳውን ያጠረው ሰው ፈቃድ ልጠይቅ ቢል እንኳ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ነበር።

በቤቲንጉ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ በዚያ ይቆጡት። አርሰናልን መውደዱ ልቡን እንጂ ኪሱን አይነካም፤ ውርርድ ግን አንድ ቀን የእናቱን የቡና ገንዘብ ይነካል።

የቀረው የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ ያደረግሁትም በዚህ ነው። የዕድር ጸሐፊ ነኝ ብለዋል። እንግዲያውስ በመዝገብዎ ውስጥ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ድንኳኑ በየትኛው ቀን እንደወጣና የት እንደተተከለ ተጽፎ ይገኛል። የአሥራ አራት ዓመቱ በእጅዎ ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት ያለው በቀደሙት ጸሐፊዎች እጅ ነው። «ባዶ ቦታ» የተባለው መሬት ስንት ጊዜ ለቅሶ እንደተቀመጠበት ከዚያ በላይ የሚናገር ሰነድ ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መዝገቡን ያውጡና ሜዳ ላይ የተተከለውን ድንኳን ሁሉ ከነቀኑ ይለዩ። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ይገልብጥልዎ፤ አቤቱታውንም እሱ ይጻፈው፣ አንቀጽ መጥቀስ እንደሚችልበት ከቫሩ አይተናል። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ከወርኃዊ መዋጮው ቀጥሎ ይነበብና አባላቱ ይፈርሙበት። ሜዳው በምን ቀለም ተቀብቶ እንዳገኛችሁት ይጻፉልኝ።