ታክሲው ለምን ይንሸራተታል? (ከአንድ ፎቶ በጂምፕ አኒሜሽን መሥራት)

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ፣ ለገሃር አንበሳው ሐውልት ፊት ለፊት በተነሳው ፎቶ ላይ ያለውን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ቆርጠህ በጂምፕ (ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ልታስነዳው ሞክረሃል። ታክሲው ግን ሳሙና ላይ እንዳለ ይንሸራተታል፣ ከኋላው ጅራት ይተዋል፣ ጂፉም (የሚንቀሳቀሰው ምስል ፋይል) 14 ሜጋባይት ሆኗል። ከመንሸራተቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው።

የሚንሸራተተው የጎማው ዙር ታክሲው ከሚሄደው ርቀት ጋር ስለማይመጣጠን ነው። ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። 60 ፒክሰል ከሆነ በ3.14 ስታባዛው ዙሪያው 188 ገደማ ይመጣል። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ታክሲው 188 ፒክሰል መሄድ አለበት ማለት ነው። በየፍሬሙ (አኒሜሽኑ በተሠራባት በእያንዳንዷ ምስል) 24 ዲግሪ ብታዞረው የዙሩ አንድ አሥራ አምስተኛ ስለሆነ ታክሲውን 12 ተኩል ፒክሰል ትገፋዋለህ፤ አንዴ 12፣ አንዴ 13 እያደረግክ። በ24 ፍሬም 300 ፒክሰል ይሄዳል።

24 ዲግሪ ያልኩት በምክንያት ነው። ቸርኬው 5 ቀዳዳ ካለው በየ72 ዲግሪው መልሶ ራሱን ይመስላል። 72 ብታዞረው ጭራሽ የቆመ ነው የሚመስለው፤ ከ36 ካለፍክ ደግሞ ዓይን ወደ ኋላ የሚዞር አድርጎ ያየዋል። 24 የ72 ሲሶ ስለሆነ ሦስት የቸርኬ ምስል ብቻ ይበቃሃል፦ 0፣ 24 እና 48። አራተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ነው። የቀዳዳው ብዛት ሌላ ከሆነ 360ን ለብዛቱ፣ ያንን ደግሞ ለ3 አካፍል።

ቸርኬውን በኤሊፕስ ሴሌክት (በክብ መምረጫው) ምረጥና ወደ አዲስ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት እላዩ ላይ የሚደረብ ንብርብር) ቅዳው። ሌየሩን ቸርኬው ጫፍ ድረስ ክሮፕ ካላደረግከው (ትርፉን ካልቆረጥከው) የመዞሪያው መሐል ሌላ ቦታ ይሆንና ቸርኬው ይወላገዳል። ሁልጊዜ ዋናውን ቅጂ አዙር፤ የዞረውን ደግመህ ካዞርከው ይደበዝዛል። የፓራፋንጎው ጥላ ጎማው ላይ የሚያርፍበትን ክፍል አትንካው፣ ጥላ ከጎማ ጋር አይዞርም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ታክሲው በትክክል ከጎኑ ከተነሳ ነው። ሰያፍ ከሆነ ጎማው እንቁላል መስሎ ይታያልና ሌላ ፎቶ ፈልግ።

ስለ ቆረጣው፦ ፈዚ ሴሌክትን (ተመሳሳይ ቀለም በአንድ ጠቅታ የሚመርጠውን) እርሳው። የሚኒባሱ ነጭ ጣሪያ በእኩለ ቀን ፀሐይ ከሰማዩ ጋር አንድ ይሆንበታል። በፓዝ ቱል (ነጥብ በነጥብ መስመር በሚሠራው) ዙሪያውን ሂድ፣ ወደ ሴሌክሽን (ምርጫ) ቀይር፣ 1 ፒክሰል ሽሪንክ (ማጥበብ)፣ 1 ፒክሰል ፌዘር (ጠርዙን ማለስለስ) አድርግ። ያ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ይጠፋል። ታክሲው የነበረበትን አስፋልት በክሎንና በሂል (ከጎኑ ያለውን አስፋልት እየቀዱ በሚሸፍኑት መሣሪያዎች) ሙላው። ሥሩ ያለውን ጥላ ግን ለብቻው ሌየር ላይ በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ ሥራውና ኦፓሲቲውን (ድምቀቱን) ወደ 40 በመቶ አውርደው፤ ከታክሲው ጋር አብሮ ይሂድ። ጥላ የሌለው ታክሲ የሚበር ነው የሚመስለው።

ጅራቱ የመጣው ሌየሮቹ በኮምባይን ስለተደራረቡ ነው፤ ያለፈው ፍሬም ሳይጠፋ አዲሱ ከላዩ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ፍሬም ባክግራውንዱን ዱፕሊኬት አድርግና ታክሲውን፣ ጥላውንና ቸርኬውን እላዩ ላይ መርጅ ዳውን አድርግ (ከሥሩ ካለው ጋር አዋህድ)። ኤክስፖርት ስታደርግ ፍሬም ዲስፖዛል የሚለው ላይ ሪፕሌስ ያለበትን ምረጥ። ጂምፕ ከታችኛው ሌየር እንደሚጀምርም አትርሳ፤ ታክሲው ወደ ኋላ ከሄደ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

የፋይሉ ክብደት በዋናነት የስፋቱ ነው። ከ1200 ፒክሰል ወደ 480 ብታወርደው የፒክሰሉ ብዛት ከስድስት አንድ እጅ በታች ይሆናል። ይህንን ግን ከመቁረጥህ በፊት አድርገው፣ የጎማው ሒሳብ እንዳይፈርስ። ጂፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ሰማዩ በእርከን ይሰነጣጠቃል። ዲዘሪንግ (የጎደለውን ቀለም በትናንሽ ነጠብጣቦች ቅልቅል ማስመሰል) ያስተካክለዋል፣ ግን ተራው ዓይነት ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ ሰማዩ ይርገበገባል፣ ፋይሉም ያብጣል። ምስሉን ኢንዴክስድ (ቀለሙ የተወሰነ) ስታደርግ ከዲዘሪንግ ዓይነቶቹ ፖዚሽንድ የሚለውን ምረጥ፤ ነጠብጣቦቹ ቦታቸውን አይለቁም። ከዚያ ፊልተርስ፣ አኒሜሽን፣ ኦፕቲማይዝ ፎር ጂፍ። የማይንቀሳቀሰውን ሐውልትና ሰማይ በየፍሬሙ ደግሞ አያስቀምጥም፣ የተለወጠውን ብቻ ነው። ኦፕቲማይዝ አዲስ ምስል ስለሚከፍት ዋናውን በጂምፕ የራሱ ፋይል ቀድመህ ሴቭ አድርገው። እዚህ ላይ ሌየሮቹ ኮምባይን የሚል ስም ይዘው ብታያቸው አትደንግጥ፣ ራሱ አስቦ ያደረገው ነው።

ፍጥነቱን 80 ሚሊሰከንድ አድርገው፤ 24ቱ ፍሬም 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ይፍጠንልኝ ብለህ ወደ 10 ብታወርደው ብሮውዘሮች ቁጥሩን ትተው በ100 ያጫውቱታልና ታክሲው ጭራሽ ይዘገያል።