ጓሮው ጅረት ባለው የፌርፋክስ ቤት ላይ ስለመገንባት

«ጓሮዬን ጅረት ያቋርጠዋል፤ ለእናቴ ከኋላ በኩል አንድ ክፍል ልጨምርና ሼድም (የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ) ላቁም ብል የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ይከለክለኛል ወይ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍልዎት።

ወሳኙ ነገር ጅረት መኖሩ ብቻ ሳይሆን ግንባታ የሚገደብበት የጅረት ጥበቃ ክልል መስመር በቦታዎ ላይ የት እንደሚያርፍ ነው። ቨርጂኒያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ከደለልና ታጥቦ ከሚወርድ ማዳበሪያ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ ካውንቲው በ1993 የራሱን ደንብ ሥራ ላይ አውሎ በ2003 ክልሉን አስፍቶታል። በደንቡ መሠረት ክረምት ከበጋ የሚፈስ ጅረት፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ረግረጋማ መሬት፣ እንዲሁም ከእነዚህ ዳርቻ ወዲህ ያለው 100 ጫማ (30 ሜትር ያህል) ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አርፒኤ» (RPA) በሚባለው በዚህ የጥበቃ ክልል ውስጥ ይወድቃል።

እኔ የተሳሳትኩት ልኬቱ ላይ ነው። ከውሃው አንስቼ እስከ ሼዱ ስለካ 120 ጫማ ስላገኘሁ ነፃ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ሆኖም በበጋው ደርቆ ተራ ሣር የሚመስለው ዝቅ ያለ ስፍራ በአፈሩና በሚበቅልበት ተክል ረግረግ ሆኖ ተገኘ፤ 100 ጫማውም የሚቆጠረው ከረግረጉ ጫፍ በመሆኑ መስመሩ ሼዱን አልፎ ወደ ቤቱ ተጠጋ። ኮንትራክተሩ «ከ256 ካሬ ጫማ የማይበልጥ ሼድ የግንባታ ፈቃድ አያስፈልገውም» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ነገር ግን ያ የግንባታ ኮድ ነፃነት እንጂ ከጅረት ጥበቃ ደንቡ የሚያድን አይደለም። አፍርሼ ወደ ጎን አዛወርኩት፤ ለአንድ ሼድ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ለእናትዎ ክፍል ግን ተስፋ አይቁረጡ። ከደንቡ በፊት ለተሠሩ ቤቶች መጠነኛ ጭማሪ የሚፈቀድበት አሠራር ስላለ፣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት አስቀድመው ያጣሩ። ከተቻለ ጭማሪውን ከጅረቱ ራቅ ባለው ጎን፣ አለዚያም አሁን ባለው መሠረት ላይ ወደ ላይ ቢያስቡት ጉዳዩ በጣም ይቀልላል። ወደ ላይ ከሆነ ግን ለእናት ደረጃ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ሌላ ወንድም ለዚሁ ጥያቄ ሲመልስ «በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የረግረግ ሕጉን ሽሮታል» ብሎ ጽፏል። ውሳኔው ያጠበበው የፌዴራሉን የንጹህ ውሃ ሕግ ወሰን ነው፤ የቨርጂኒያንና የካውንቲውን ደንብ አልነካም።

ቤቱን ሲገዙ የተሰጥዎትን የሻጭ መግለጫ ቅጽ እንደገና ቢያነቡት፣ ሻጩ ስለ እንዲህ ዓይነት የጥበቃ ክልል መኖር ምንም ማረጋገጫ እንደማይሰጥ ተጽፎ ያገኙታል፤ የማጣራቱ ኃላፊነት የገዢው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በካውንቲው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አድራሻዎን ይመልከቱ። ካርታው ግምታዊ ስለሆነ፣ መስመሩ ለግንባታው የቀረበ መስሎ ከታየዎት ረግረጉን በባለሙያ አስለክተው በፕላትዎ (በቦታዎ የልኬት ፕላን) ላይ ያስፍሩት፤ ለአርክቴክት ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጡት ካውንቲው መስመሩን በጽሑፍ ካረጋገጠልዎት በኋላ ይሁን።