ጎራ የሚያስለይ ልብ ወለድ ምረጡ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ላይ ስምንት ሆናችሁ የንባብ ቡድን ጀምራችኋል፤ ሁለት መጻሕፍት ይዛችሁ ሁለቱንም ከመሃል ትታችኋል፤ አሁን ደግሞ «ሁሉም ሰው የሚጨርሰው ልብ ወለድ የቱ ነው?» ብለሻል። እኔ ደሴ ላይ እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ መጽሐፍ የመምረጡን ሥራ መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ፤ አበላሸሁት።

የመረጥኩት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ታላቅነት የሚከራከረኝ የለም። ነገር ግን ሲሠራ የዋለን ሰው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ በአንድ ወር አንብበህ ና ማለት ግፍ ነው። ከዘጠኛችን የጨረስነው ሦስት ብቻ ነን። ያን ማታ ከሐፍረት ያወጣን ሾፌሩ ጓደኛችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከውን በስልኩ ጭኖ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ሲያዳምጠው ከርሞ ነበር። «ይህ ጉዱ ካሳ ሁሉን አየ፣ ሁሉን ተናገረ፤ ግን ምን አደረገ?» ብሎ ሲነሳ፣ መጽሐፉን ያልጨረሱት ሳይቀሩ እየተነሱ ገቡበት። እኔ ራሴ ለጉዱ ካሳ ጠበቃ ሆኜ ድምፄ እስኪዘጋ ተሟገትኩ። ከዚያ ወዲህ አንድን መጽሐፍ ስመርጥ የምጠይቀው ዝናውን አይደለም፤ ሰው ጎራ ለይቶ ይሟገትበታል ወይ የሚለውን ነው።

ስለዚህ እናንተ በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ጀምሩ። የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ጉዳዩ ግን ዛሬም በየቤታችን አለ። አበራ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ ልቡ ሥዕል ላይ ነው፤ ዘመድ ደግሞ አግባ፣ ኑሮህን አደላድል ይለዋል። ከእኛ ጋር የምትመጣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ አራት ወር ሙሉ ሰው ሲናገር ከማዳመጥ በቀር አንድ ቃል አልወጣትም ነበር። ያን ቀን ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርጋ «ደመወዙ የራሱ አይደለም? ይተወዋ!» አለች። ባንክ የሚሠራው ወንድማችን በግሉ የተሰደበ ያህል ተቆጣ። ልጅ ያለውና ልጅ የሌለው፣ ወር ጠባቂውና በእጁ የሚያድረው ተለያየ። ጉዱ የወጣው ኋላ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ቅጂ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ኖሯል፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ የገዛነው ነው። እርሷ ሳታውቅ መጨረሻውን ከራሷ ሞልታ መጥታለች። እውነቱን ለመናገር የእርሷ መጨረሻ አልከፋም።

ቀጥሎ አጭር ነገር ያስፈልጋችኋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» ውሰዱ። አማርኛው ያረጀ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው ይጣፍጣል። ሴት ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ ስትሄድ የሚደርስባትን ይተርካል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈውን መጽሐፍ መጨረሻ ብነግራችሁ አትቀየሙኝምና፣ ሙስሊሙ ንጉሥ ክርስትና ተቀብሎ ያገባታል። ሌላ አገር ይህ እንደ ተረት ይታለፍ ይሆናል። እኛ ዘንድ፣ ባንድ ቤት ረመዳንም ሁዳዴም በሚጾምበት ወሎ፣ አይታለፍም። «ለምን እርሱ ብቻ ይለወጣል?» አለ አንዱ። «ሳይለወጡ የተጋቡት አያቶቼስ?» አለች ሌላዋ። ሳቅም ነበር፣ ትንሽ ኩርፊያም።

ከሁሉ ፈጥኖ የሚነበበው የበዓሉ «ኦሮማይ» ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ ኤርትራ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፣ እዚያ ደግሞ ፊያሜታን ያገኛል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይህን ያህል እየጣፈጠ ለምን አስቀድሜ አልጠቀስኩትም? ጦርነት በራችን ድረስ መጥቶ የሄደ ሰዎች ነንና። ነርሷ ጓደኛችን ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘግታ «እኔ ስለዚህ ሌላ ጊዜ ላውራ» አለች፤ በረካውን ዝም ብለን ጠጣን። በደንብ ሳትተዋወቁ አትክፈቱት።

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አዲስ አበባ ስትሄዱ በምታቋርጡት በደብረ ሲና በኩል ስለሚተረክ ብቻ ጓጉተን ያዝነው። ቋንቋው ከበደን፤ ሁለተኛ ዓመታችሁ ላይ ሞክሩት።

ስለ አካሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በአቦል ጊዜ እያንዳንዱ የደረሰበትን ገጽ ብቻ ይናገራል፤ ያልጨረሰ አይወቀስም። ክርክሩ በቶና ይጀመራል። በረካ ላይ የሚቀጥለውን መጽሐፍ እንመርጣለን፤ የሚመርጠው በየወሩ ይለዋወጣል፤ እኔ ከዚያ ሥልጣን ከወረድኩ ቆይቻለሁ።

«ከአድማስ ባሻገር»ን ለመጀመር ከወሰናችሁ ሦስት ቅጂ እናውሳችኋለን፤ ሾፌሩ ቅዳሜ ወደ እናንተ ሲወርድ ያመጣላችኋል። ከሦስቱ አንዱ ያ ገጾቹ የጎደሉት ነው፤ ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ጣሉ።