እንሶስላው ቀትር ላይ የሚጠወልገው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የደጋ እናት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከወንዝ ዳር የማመጣው እንሶስላ ጓሮዬ አልለምድ አለ። ሦስት ዓመት ሞከርኩ። ክረምቱን ደህና ይከርማል። መስከረም ላይ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና እንቡጡ ይረግፋል። ደጄ ፊት ለፊት ነው የተከልኩት፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ። ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ፤ ከገዛ ጓሮዬ እንሶስላ ባሞቃት ደስ ይለኝ ነበር። የሚረጭ መድኃኒት ካለ ንገሩኝ።»

እናቴ፣ እንኳን ልጅዎን ለመዳር አበቃዎት። መድኃኒቱን ግን ይተዉት። ሥሩ ቀለሙ እንዲይዝ እጅና እግር ላይ የሚታሰር ነገር ነው፤ ኬሚካል ባይነካው ይሻላል። ደግሞም ተክሉ የታመመ አይመስለኝም።

ይህን ያልኩት «ማታ ይነሳል» ስላሉ ነው። ሥሩ ክፉኛ የበሰበሰ ተክል አንዴ ከተኛ ብዙውን ጊዜ ማታም አይነሳም። ቀትር ላይ ተኝቶ ሲመሽ ቀና የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የጠማው ተክል ነው።

«አጠጣው የለም ወይ?» ይሉኛል። አዎ፣ ያጠጡታል። ነገ ጠዋት እንደተለመደው ያጠጡና ጥቂት ቆይተው፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለው አፈሩን በጣትዎ ጫር ጫር ያድርጉት። ላይ ላዩ ሁለት ጣት ያህል ጭቃ ሆኖ፣ ከዚያ በታች ደረቅ አፈር ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። ደጅ ማለት በየቀኑ የሚጠረግ፣ የሚረገጥ መሬት ነው። አንድ ጆግ ውሃ ቢያፈሱበት ግማሹ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የቀረውን ፀሐይ ትወስደዋለች። ክረምቱን ደህና የሚከርመውም ዝናቡና ደመናው ስለሚሸፍኑልዎ ነው። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ጉዱ ይወጣል።

እንሶስላ ግንዱ ራሱ ውሃ ነው። በጥፍርዎ ጫን ቢሉት ጠብ ይላል። ቅጠሉም ሰፊና ስስ ነው። ወንዝ ዳር ከዛፍና ከቁጥቋጦ ሥር የሚበቅለው ለዚህ ነው፤ ጥላው ከላይ፣ እርጥበቱ ከታች፣ የበሰበሰ ቅጠል ደግሞ ዙሪያውን። እርስዎ ያመጡት ተክሉን ብቻ ነው፤ ቤቱ እዚያው ቀርቷል።

ለአሁኑ ከምዕራብ በኩል ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተክለው ከከሰዓት ፀሐይ ይጋርዱት። ሥሩ ዙሪያ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። በየቀኑ አንድ ጆግ ከማፍሰስ በሦስት ቀን አንዴ ሙሉ ባልዲ ቀስ አድርገው ያጠጡት። ይህ ለዘንድሮ እንቡጡን ሊያተርፍልዎ ይችላል።

ዋናው ሥራ የግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሳይጠና። ከቤትዎ በስተምሥራቅ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። የእንሰት ወይም የኮባ ጥላ ካለ በጣም ጥሩ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከነውስጥ ላስቲኩ ቀደው ይዘርጉትና የጉድጓዱን ወለልና ጎን ያልብሱት። አንዱ ካልበቃ ሁለት ያድርጉ። የጆንያው ጠርዝ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቅር።

አሁን የማይረሳው ነገር፦ ወለሉን በወፍራም ምስማር በየስንዝሩ ይብሱት። «ውሃ ወዳድ ነው አላላችሁም ወይ፣ ለምን ይፍሰስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ወንዝ ዳር ያለው ውሃ እኮ ይንቀሳቀሳል፣ አፈሩም ይተነፍሳል። ያልተበሳ ጆንያ ኩሬ ነው የሚሆነው፤ ሥሩም እንደ ድንች ይበሰብሳል። እኛ የምንፈልገው ውሃው ቶሎ እንዳያመልጥ እንጂ እንዳይወጣ አይደለም።

ጉድጓዱን ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አደባልቀው ይሙሉት። ትኩስ እበት አይሁን። ዩሪያም አያስፈልግም፤ ግንዱን ያለሰልሰውና ይወድቃል። ሥሩን ዐይኑን፣ ማለትም ቡቃያው የሚወጣበትን፣ ወደ ላይ አድርገው አራት ጣት ያህል ይቅበሩት፣ ከላይ ይጎዝጉዙ። በቃ። ወጪው አሮጌ ጆንያና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።

በበጋ ግንዱ ደርቆ ሲወድቅ ሞተ ብለው እንዳይነቅሉት። ሥሩ ተኝቷል። ያን ጊዜ ማጠጣቱን ይቀንሱ፣ ጉዝጓዙን ግን አያንሱ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። «የማመጣው» ብለዋል፣ «ያመጣሁት» አላሉም። በየዓመቱ ከወንዙ እየነቀሉ ይሆን? በየሄድኩበት የማየው ይህንኑ ነው። አበባው ሲያምር ይታይና በአበባው ይነቀላል። ዘሩን ሳይጥል ሥሩ ከነጭራሹ ይወጣል። የተነቀለውም ግንዱ ተሰብሮ፣ ፀሐይ መትቶት ነው ቤት የሚደርሰው። ወንዙም ባዶ ይቀራል፣ ጓሮውም አይለማ። እባክዎ ከእንግዲህ ከዱር አይንቀሉ። የለመደላት ጎረቤት ካለች ግንዱ ከደረቀ በኋላ ዐይን ያለው አንድ ቁራጭ ሥር ይለምኗት። የተቆረጠበትን አመድ ነስንሰው አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ካሳደሩት በኋላ እስከ ግንቦት ጥላ ሥር፣ ደረቅ አፈር ውስጥ ቀብረው ያቆዩት።

የጥሩን ሠርግ በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ያለዎትን ሥር ለዚህ ሠርግ አይቆፍሩት። ሦስት ዓመት የተጎሳቆለ ሥር ብዙ አይሰጥዎትም፤ ካወጡት ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ለሙሽራዋ የሚሆነውን ከጎረቤት ይበደሩና የእርስዎን ሁለት ክረምት ይታገሱት።

ዘንድሮ ካበበልዎ አበባውን ማታ ወጥተው ያሽትቱት፤ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ሐምራዊ ነው፣ ሽታው ሲመሽ ነው የሚጎላው። ፍሬው ሲያብጥ ደግሞ በጥንቃቄ ይያዙት። ሲበስል ገና ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይረጨዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መዳፍዎን ከፍሬው በታች ይዘርጉ፣ ከዚያ በሌላው እጅ ነካ ያድርጉት። የያዙትን ዘር ሳያሳድሩ እዚያው ጥላው ሥር ይበትኑት።