የአንግኮር ፍቅር እንጀራ ይሆናል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የታሪክ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ነሽ። በማስተርስ የካምቦዲያን ጥንታዊ የክመር ሕዝብ ታሪክ ማጥናት ፈልገሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ይሄ እንጀራ አይሆንም» ብሎሻል። ልተወው ወይስ ልግፋበት ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው። ግን «ክመርን አጠናለሁ» ብቻውን ሙያ አይሆንም። መጀመሪያ በየትኛው ማስረጃ እንደምትሠሪ ወስኚ።

ክመሮች በዘንባባ ቅጠልና በቆዳ ላይ ይጽፉ ነበር። በጥንቷ ዋና ከተማቸው በአንግኮር ዘመን የተጻፈው ግን በስብሶ ጠፍቷል። የተረፈን ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ነው። በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተጻፈው አማልክቱንና ንጉሡን በግጥም ያወድሳል። የጥንቱ ክመርኛ ደግሞ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠውን መሬት፣ ሩዝና አገልጋይ ይዘረዝራል። በፈረንጆቹ 1186 የተቀረጸው የታ ፕሮም ቤተ መቅደስ ጽሑፍ በንጉሥ ጃያቫርማን 7ኛ ግዛት 102 ሆስፒታሎች እንደነበሩ ይናገራል። ልብሽ እዚህ ላይ ከቀረ መንገድሽ የጽሑፍ ጥናት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳንስክሪት ዓመታት ይፈልጋል። ፈረንሳይኛም የግድ ነው። ሥራው ያለው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲና ምርምር ተቋም ውስጥ ነው።

እኔን ካልሽ ግን መሬቱን ማንበብ ለሥራ ያዋጣል። አንግኮር ኑሮዋ በውሃ ላይ የተመሠረተ ከተማ ነበረች። ምዕራብ ባራይ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ብቻ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ወርዱም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈረንጆቹ 2012 ከሄሊኮፕተር በሌዘር ሲቃኝ ጫካው የሸፈናቸው መንገዶች፣ ቦዮችና የቤት ቦታዎች ወለል ብለው ታዩ። በዛፍ ግንድ ውስጥ ያሉ የዓመት ቀለበቶች ጥናት ደግሞ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከባድ ድርቅና ኃይለኛ ዝናብ እንደተፈራረቁ አሳይቷል። ቦዮቹ ያንን አልቻሉትም። ለከተማዋ መዳከም አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ጂአይኤስ የሚባለውን በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የመተንተን ዘዴ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ ችሎታ አክሱምም ላሊበላም ይፈለጋል፤ ቅርስ ባለበት መሬት ላይ መንገድ ሊሠራ ሲታሰብም ያገለግላል። ለቤተሰብሽ ይህንን አስረጂያቸው።

የትኛውንም ብትመርጪ የዛሬውን ክመርኛ ከአሁኑ ጀምሪ። ካምቦዲያ በፈረንጆቹ ከ1975 እስከ 1979 በኮሚኒስቱ የክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን የተማሩ ሰዎቿን አጥታለች። ዛሬ አንግኮርን የሚያስተዳድረው አፕሳራ የተባለው የአገሪቱ መሥሪያ ቤት ነው። ባለሙያዎቹን በቋንቋቸው ማናገር ስትችዪ ነው ባልደረባ የምትሆኚው።

እስከዚያው የቻይናዊውን መልእክተኛ የዡ ዳጉዋንን ማስታወሻ አንብቢ። በፈረንጆቹ 1296 አንግኮር ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል። ገበያውን የያዙት ሴቶች እንደነበሩ፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተው እንደሚሸጡ፣ ለቦታቸውም ለሹማምንት እንደሚከፍሉ ጽፏል። ስታነቢ «ምን ይሸጡ ነበር? ስንት ይከፍሉ ነበር?» ካልሽ የጽሑፍ ሰው ነሽ። «ገበያው የት ነበር?» ካልሽ ደግሞ ኪውጂአይኤስ የተባለውን የጂአይኤስ ፕሮግራም ዛሬውኑ አውርጂ፤ በነፃ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም በአካባቢሽ ባለ አንድ ጥንታዊ ቦታ ካርታ ላይ ሥሪው። ለማስተርስ ስታመለክቺ የምታሳዪው ሥራ ይኖርሻል። ረቂቁን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።