ፈጣን ኢንተርኔት ለገጠር፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በገጠር የብሮድባንድ አቅርቦት ዙሪያ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ተመልክቼ፣ ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምሬ፣ በቴሌኮም ኔትወርክ ዕቅድ ሥራ ካገኘሁት ልምድ በመነሣት እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ወረዳችን የ4ጂ ተጠቃሚ ሆኗል ከተባለ ቆይቷል። ስልኬ ላይም 4ጂ የሚል ምልክት ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ፎቶ መላክ እንኳ ያታክታል። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ምልክቱ የሚነግርዎ ከስልክዎ እስከ ታወሩ ስላለው ግንኙነት ብቻ ነው። ከታወሩ እስከ ዋናው የፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) መስመር ስላለው መንገድ የሚነግርዎ ነገር የለም። በርካታ የገጠር ታወሮች ፋይበር አልደረሳቸውም፤ በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ነው ዋናው መስመር ላይ የሚደርሱት። በመሆኑም ጫፍ ላይ ያለው ታወር ያንኑ መንገድ ከፊቱ ካሉት ሁሉ ጋር ይሻማል። ለማጣራት ቀላል ዘዴ አለ፦ ያንኑ ፎቶ ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ልከው ይሞክሩት። ወዲያው ከሄደ ችግሩ የመስመር መጨናነቅ ነው፤ ያን ጊዜም አልሄድ ካለ ከታወሩ የሚደርስዎ ሞገድ ደካማ ነው ወይም ታወሩ ብልሽት አለበት። መጨናነቁ የመስመር አቅም ማሳደግ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ግን የጥገና ሥራ ነው፤ ስለዚህ አቤቱታ ስታቀርቡ ይህን ለይታችሁ ጻፉ።

በነገራችን ላይ፣ የሽፋን መቶኛ ሲነገር እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው በዚያ አካባቢ ባለፈው ሳምንት ዳታ የተጠቀመው ሰው ስንት እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ክረምት ላይማ ለቀናት ይቆያል።

መልስ፦ ታወር ያለ ኃይል አይሠራም። የመብራት መስመር ያለበት ታወር ኃይል ሲቋረጥ ለጥቂት ሰዓታት የሚያቆየው ባትሪ ይኖረዋል፤ መስመር የሌለበት ደግሞ በጀነሬተር ይሠራል። ናፍጣው የሚመጣው በመኪና ስለሆነ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ታወሩም ይቆማል። ሶላር ከጥሩ ባትሪ ጋር መግጠም መነሻ ወጪው ከፍ ቢልም በእንዲህ ያለ ቦታ የተሻለ አማራጭ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር ገብቷል። ውድድሩ ለምን ወደ ገጠር አልወረደም?

መልስ፦ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ መስከረም 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ አገልግሎቱን አስጀምሯል። ውድድር በከተማ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ነገር ግን ማንኛውም ኩባንያ ቀድሞ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ነዋሪዎቹ በሸለቆና በገደል ተከፋፍለው ተበታትነው በሰፈሩበት ቀበሌ አንድ ታወር የሚሸፍነው ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ገቢም ናፍጣውን ላይመልስ ይችላል። በዚህ ላይ መሣሪያው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላትም ዓለም አቀፍ መስመሯ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ያልፋል። ስለዚህ ታወርን በጋራ መጠቀም፣ በኤሌክትሪክ ከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሮች ላይ የተዘረጋውን ፋይበርም ለአገልግሎት ማከራየት፣ እንደ አዲስ ከመቆፈር እጅግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሳተላይት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሁሉ «ፕላዝማ»ን ያስታውሳል፤ ትምህርቱ በሳተላይት ወደ ክፍል ይመጣ ነበር። መብራት በጠፋ ወይም ስክሪኑ በተበላሸ ቀን የክፍሉ ትምህርት ይስተጓጎላል፤ ስርጭቱም ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ይቀጥላል። ያኔ የጎደለው በአካባቢው የሚጠግንና የሚያግዝ ሰው ነበር።

ቴክኖሎጂው ግን ተሻሽሏል። የቀድሞዎቹ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስለሚገኙ ለንግግር የሚያስቸግር መዘግየት ይፈጥራሉ፤ አዲሶቹ ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ፣ በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስለሚዞሩ መዘግየቱ በጣም ቀንሷል። ዋጋው ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ አይቀመስም፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ግን፣ ፋይበር እስኪደርስ ድረስ፣ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ገጠር ናት፤ እኔ ሪያድ እሠራለሁ። በኢሞ ስደውልላት ድምፁ ይቆራረጣል። ከእኔ በኩል የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ ቪዲዮውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ያነጋግሯት፤ ከምሽቱ ሰዓትም ይሽሹ። ገንዘብ ከሆነ የሚልኩላት ግን ኢንተርኔት አያስፈልጋትም፦ ቴሌብር ላይ የገባላትን ገንዘብ በተራ ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ደውላ ማየትና መጠቀም ትችላለች።

ጥያቄ፦ ታወሩ አለ፣ ኔትወርኩም ይሠራል፤ ግን ብዙው አርሶ አደር ኢንተርኔት አይጠቀምም። ምክንያቱ የግንዛቤ እጥረት ነው?

መልስ፦ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው አባባል ጥፋቱን ገበሬው ላይ ስለሚጥል አልወደውም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የ2024 እ.ኤ.አ. ግምት እንደሚያሳየው በዓለም ደረጃ ከከተማ ነዋሪው 83 በመቶ፣ ከገጠሩ ደግሞ 48 በመቶ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ኢንተርኔት የማይጠቀመው አብዛኛው ሰው የሚኖረው የሞባይል ዳታ በደረሰበት አካባቢ ነው። አንደኛው እንቅፋት የስማርት ስልክ ዋጋ ነው። ስልክ የገባበት ቤትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ስልኩ በባልየው ኪስ ነው የሚውለው፤ ሚስት ስትጠቀም አስፈቅዳ ነው።

ሌላው የይዘቱ ጉዳይ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ብዙ ተጠቃሚ ያገኘው ማንበብ ለማይችለውም በራሱ ቋንቋ፣ በድምፅ፣ በነጻ፣ በማንኛውም ስልክ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ስለሚናገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የታብሌት መመዝገቢያም እንዲሁ በብልሃት የተሠራ ነው፤ ሠራተኛዋ የእናቲቱን የእርግዝና ክትትል ጎጆ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ትመዘግባለች፣ ኔትወርክ ካለበት ስትደርስ መረጃው ይተላለፋል። ለገጠር የሚሠራ ሁሉ ኔትወርኩ እንደሚቋረጥ ገምቶ ቢሠራ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

ጥያቄ፦ ኦፕሬተሮች በሚያዋጡት ፈንድ ለገጠር ፋይበር መዘርጋት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሕንድ እንማር። ሕንድ ከኦፕሬተሮች ተቀናሾች ከወጡለት ገቢያቸው 5 በመቶ እየሰበሰበች በ2011 እ.ኤ.አ. በጀመረችውና በኋላ «ባሃራትኔት» በተባለው ፕሮጀክት ወደ 250,000 የሚጠጉ የገጠር ምክር ቤቶችን በፋይበር ለማገናኘት አቅዳ ተነሣች። ኬብሉ ብዙ ቦታ ደረሰ፤ ሆኖም በርካታ ጣቢያዎች ኃይልና ጥገና በማጣት ወይም ከዚያ ወደ ቤት የሚያደርስ በመጥፋቱ ሳይሠሩ ቀሩ። ክፍያው የሚፈጸመው ለተቀበረ ኪሎ ሜትር ከሆነ ተቋራጩ ኪሎ ሜትር ይቀብራል። እኔ ብጠየቅ ከፈንዱ የሚከፈለው መስመሩ በየወሩ ለሠራበት ሰዓት እንዲሆን አደርግ ነበር።

ጥያቄ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበራችን አነስተኛ በጀት አለው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አርሶ አደሩ ዘወትር ወደሚመጣበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ወይም ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ፣ አንድ የጋራ መስመር አስገቡ፤ ሶላርም ይኑረው። በወር ጥቂት አበል የምትከፈላት፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምታውቅና መሣሪያውን የምትጠብቅ አንዲት ወጣት መድቡ። የገበያ ቀን ዋጋውን ጠዋት አውርዳ በሰሌዳ ትጻፍ። ከመሣሪያው ግዢ በፊት ግን የሁለት ዓመት የዳታና የባትሪ መቀየሪያ ወጪ በበጀቱ መያዙን አረጋግጡ።